የቅርንጫፉ አንገት

በደንብ የተገረዘ የፖም ዛፍ በዓመቱ ሲታይ የገራዡን እጅ ይናገራል። ቅርንጫፉ በነበረበት ቦታ ክብ ጠባሳ አለ። ዙሪያውን አዲስ ቅርፊት አብጦ ወጥቷል፤ ውፍረቱ ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም እኩል ነው። ቆራጩ ወደ ግንዱ አብዝቶ ከተጠጋ ግን ቅርፊቱ በጎንና በጎን ብቻ ያብጣል፤ ከላይና ከታች ክፍት ይቀራል። ርቆ ከቆረጠ ደግሞ ጉጥ ይተርፋል። ጉጡ ይደርቃል፣ ይበሰብሳል፣ ብስባሴውም ወደ ግንዱ መግቢያ ያገኛል። በጥሩውና በመጥፎው መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሚሊሜትር ነው።

እነዚህን ሚሊሜትሮች የሚያስተምሩ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች በአሜሪካ አሉ። ማስተር ጋርድነር ይባላሉ። ነገሩ የተጀመረው በዋሽንግተን ስቴት ነው። በሲያትልና በታኮማ አካባቢ ጓሮውን የሚያለማው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጥያቄውን መመለስ አቃታቸው። ከመካከላቸው ዴቪድ ጊቢ፣ ፈቃደኞችን አሠልጥነን እነሱ ለሕዝቡ ይመልሱ የሚል ሐሳብ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 በታኮማ የገበያ ማዕከል ጠረጴዛ ተዘርግቶ ተሞከረ፤ በ1973 የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ትምህርት ጀመሩ። ውሉ ዛሬም ያው ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ያስተምራል፣ ሠልጣኙ በምላሹ ሰዓቱን ይሰጣል። ኤክስቴንሽን ለእኛም እንግዳ አይደለም። የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1952 በተፈረመ ስምምነት የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም ሲመጣ፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና ገበሬው ዘንድ መድረስን አንድ ላይ የሚያስኬደውን ይህንኑ አሠራር ይዞ ነበር።

እኔን የሚይዘኝ ከሥልጠናው ሁሉ በጥርና በየካቲት የሚሠራው ሥራ ነው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፏል። አጥንቱ ይታያል።

ሥራው ከመሣሪያው ይጀምራል። የመግረዣው መቀስ ሁለት አካል አለው፤ አንዱ ስለታም ምላጭ፣ ሌላው ወፍራምና ደንዳና መንጠቆ። ምላጩ በመንጠቆው ጎን ታኮ ያልፋል። ሠልጣኙ ብሎኑን ይፈታል፣ ሁለቱን ይለያል፣ የደረቀውን የዛፍ ፈሳሽ በሽቦ ብሩሽ ያነሣል። ከዚያ መሳል ነው። ምላጩ የሚሳለው በአንድ ወገኑ ብቻ ነው፤ በዚያ ወገን ከፋብሪካ የወጣበት ሰያፍ አለ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሆናል። ሞረዱ በዚያው ሰያፍ ላይ ተኝቶ ከምላጩ ሥር ወደ ጫፉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ ወደኋላ አይጎተትም። ጠፍጣፋው ወገን አይሞረድም። ሲሳል ወደዚያ የታጠፈችው ቀጭን የብረት ፍርፋሪ ብቻ በመሳያ ድንጋይ አንድ ጊዜ በቀስታ ትጠረጋለች። ጠፍጣፋው ከተሞረደ በምላጩና በመንጠቆው መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ መቀሱም መቁረጡን ትቶ እንጨቱን ያኝካል። ብሎኑ ተመልሶ የሚጠብቀው እጀታው ሳይንገጫገጭ፣ ግን ሳይከብድ እስኪከፈት ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲኬድ ምላጩ 70 በመቶ አልኮል ባለበት ጨርቅ ይጠረጋል፤ በሽታ በስለትም ይጓዛልና።

አሁን ወደ ዛፉ። ቅርንጫፍ ከግንድ ሲወጣ ሥሩ ላይ ወፈር ያለ፣ የተሸበሸበ ቦታ አለ፤ ይህ አንገቱ ነው። ከላይ፣ በቅርንጫፉና በግንዱ መገናኛ ብብት ላይ፣ ቅርፊቱ ተጨናንቆ የጠቆረ መስመር ይሠራል። መጋዙ ከዚህ መስመር ውጭ ገብቶ ከአንገቱ ውጭ ይወጣል። አንገቱ ራሱ አይነካም፤ የግንዱ አካል ነው። ይህን ያጸናው አሌክስ ሺጎ የተባለ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ ነው። ሺጎ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን ከላይ እስከ ታች በሞተር መጋዝ ሰንጥቆ ውስጣቸውን አየ። ዛፍ የቆሰለ ሥጋውን መልሶ አይጠግንም፤ ዙሪያውን አጥሮ ይዘጋዋል፣ በላዩም አዲስ እንጨት ያበቅላል። ጠንካራው አጥር ያለው አንገቱ ላይ ነው።

ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ ምት አይቆረጥም። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከሥር ወደ ላይ ይጋዛል፤ የውፍረቱ ሲሶ ይበቃል። ቀጥሎ ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቆረጣል። ቅርንጫፉ በራሱ ክብደት ይወድቃል፤ ቅርፊቱ ግን የሥሩ ምት ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ግንዱን ልጦ አይሄድም። የቀረው ጉጥ ቀላል ስለሆነ ሦስተኛው ምት በእርጋታ አንገቱን ተከትሎ ይወርዳል። ቀጭኑ በመቀስ ሲቆረጥም ምላጩ የሚውለው በሚቀረው እንጨት በኩል ነው። መንጠቆው ይጨፈልቃልና የሚጣለው ወገን ይሸከመው።

በሲያትል ሰው ተሰብስቦ ግረዛ ሲማር የሰማሁት ጥያቄ አለ። ቡና ያሳደጉ አዛውንት፣ የምታሠለጥነውን ወጣት ሐበሻ፦

«ልጄ፣ ቁስሉን ቀለም አትቀቢውም እንዴ?»

«አይ ጋሼ፤ ቀለሙ እርጥበቱን ያፍነዋል፣ መዝጋቱንም አያፋጥነውም። ክፍት ይሁን፣ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል።»

«እኛ ቡናው ሲያረጅብን ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ በሰያፍ እንጎነድለው ነበር፣ እንደ አዲስ ያበቅላል።»

«ፖሙን እንደዚያ አያድርጉት ጋሼ። ፍሬው ያለው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነው እንጨት ላይ ነው።»

መልሷ ትክክል ነበር፤ ቀጥሎ ያሳየቻቸው ደግሞ ይበልጥ። አጭርና የተኮማተረች ቅርንጫፍ ይዛ ጫፏ ላይ ያለውን እምቡጥ በጣታቸው አስነካቻቸው። ወፈር ያለ ነው፣ ጸጉር አለው፤ አበባ የሚያወጣው እሱ ነው። የቅጠሉ እምቡጥ ቀጭን ነው፣ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ይተኛል። ሁለቱን በጣት የለየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖም ፍሬውን አይቆርጥም። ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የተተኮሰው ለምለም ቀንበጥ ይወገዳል። እርስ በርሱ የሚፋተገው ይወገዳል። የሚያጥር ካለ ወደ ውጭ ከሚያይ እምቡጥ 6 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሰያፍ ይቆረጣል። በአንድ ዓመት ከአራት አንድ እጅ ያህል ይነሣል፤ ብዙ የተነሣበት ዛፍ ተደናግጦ ቀንበጥ ይተፋል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ቼሪ ግን በዚህ ወቅት አይነካም፤ በዝናቡ የሚዛመት የባክቴሪያ በሽታ ስላለበት የዚያው አካባቢ ደረቅ በጋ ይጠበቃል።

መሬቱም ሥራ አለው። ጥቅምት ላይ የተተከለው ነጭ ሽንኩርት ገለባ ለብሷል። በባዶው መደብ ላይ ባቄላ ቆሟል፤ እዚያ የሚዘራው አፈሩን ከዝናቡ ለመሸፈንና ናይትሮጅን ለማስገባት ሲሆን፣ ሳያፈራ ታጭዶ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። ለምርመራ የሚላከው አፈር ከብዙ ቦታ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ፣ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ይቀላቀላል፤ የዚንክ ባልዲ ውጤቱን ያዛባል። የሲያትል አካባቢ ዝናባማ ስለሆነ አፈሩ ወደ አሲድ ያደላል፤ ኖራ ይጨመር አይጨመር የሚወሰነው ግን ውጤቱ ሲመጣ ነው። እርጥብ መደብ ላይ አይቆምም።

አዛውንቱ የጠየቁት በአማርኛ ነበር፤ የተመለሰላቸውም በአማርኛ። በሲያትል፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ጎመንና ቃሪያ የሚተክሉ፣ ጓሯቸው ውስጥ ያረጀ ፖም ያገኙ ብዙ ወገኖች አሉን። ጊዜው ያላችሁ፣ በምትኖሩበት ካውንቲ ወደሚገኘው የኤክስቴንሽን ቢሮ ሄዳችሁ የሚቀጥለው ሥልጠና መቼ እንደሚጀመር ጠይቁ። ተመዝገቡ።