ቋጠሮና ድሪቶ

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ቆቦ የራያ ሜዳ ማሽላና የአፋር ቆላ ግመል የሚገናኙባት የገበያ ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። በዚያ ገበያ አንዲት እናት የሸጠችበትን ገንዘብ በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥር ያየ ሰው ግን አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ አየሁ አይልም። ይህ ሂስ የሚነሣው ከዚሁ ቸልታ ነው።

ቋጠሮ በቋንቋችን ያለው ስፍራ ከእጅ ሥራነት ያልፋል። መንገደኛ ስንቅ፣ ቆጣቢ ጥሪት፣ የተበደለ ቂም ይቋጥራል። ደመናው ዝናብ፣ ማሽላው ፍሬ ይቋጥራል። ለራያ ቆላ ገበሬ እነዚህ አባባሎች የንግግር ማጣፈጫ ብቻ አይደሉም። ደመናው ሳይቋጥር ሲቀር ማሽላው አይቋጥርም፤ ያን ጊዜ ቤተሰቡ የቀረችውን በጨርቅ ቋጥሮ ይሰደዳል። የወሎ ሕዝብ በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ይህንኑ በሕይወቱ አይቶታል። እንግዲህ ቋጠሮ የጥጋብም የረሃብም ታሪክ የተያዘበት ቅርጽ ነው።

ሌላው ሕዝብ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሰጠውን ክብር ለመገንዘብ፣ በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ዘመተባት ኮሪያ መመልከት ይጠቅማል። ኮሪያውያን ፖጃጊ የሚሉት አራት ማዕዘን መጠቅለያ ጨርቅ አላቸው። ምግብ ይሸፈንበታል፤ ልብስ ይጠቀለልበታል፤ የሠርግ ስጦታ ይቋጠርበታል። ከልብስ ስፌት ከተረፈ ቁራጭ የሚገጣጠመው ደግሞ ጆጋክቦ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1392 እስከ 1910 በዘለቀው በጆሰን ሥርወ መንግሥት ዘመን ይህን የሠሩት ስማቸው ያልተመዘገበ ሴቶች ናቸው። ቁራጩን በትዕግሥት ማጋጠም ለተቀባዩ ረጅም ዕድሜና በረከት መመኘት እንደሆነም ይታመን ነበር።

የጆጋክቦ ውበት ከሥራው ሁኔታ የሚመነጭ ነው። የመሥመሮቹን አቅጣጫ የሚወስነው የተረፈው ቁራጭ ቅርጽ ነው። ስፌቱ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ ስለሚይዝ ፊቱም ጀርባውም እኩል ንጹሕ ነው። ስሱ ጨርቅ ብርሃን ሲያርፍበት ስፌቱ በእርሳስ እንደተሠመረ ጠቆር ብሎ ይታያል። ሁህ ዶንግህዋ የተባሉት ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1976 በሴኡል የጥልፍ ሙዚየም በመክፈት እነዚህን ጨርቆች ከመጣል አድነዋል። ስብስባቸውም በ2021 በተከፈተው የከተማዋ የዕደ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

ይሁንና አንዳንድ ሐያስያን ጆጋክቦን ሲያደንቁ ከሞንድሪያንና ከክሌ ሥዕሎች ጋር ማመሳሰላቸው ሊነቀፍ ይገባል። የገበሬ ቤት ጨርቅ ለመከበር የአውሮፓ ሠዓሊ ምስክርነት የሚያስፈልገው አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ ግድግዳ ላይ ተወጥሮ የተሰቀለ መጠቅለያ ግማሽ ሥራ ነው፤ ቋጠሮው ጠፍቷልና።

በእኛስ ዘንድ? በእጅ በሚወረወር መወርወሪያ የሚሠራው ሸማ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ነጠላውም ጋቢውም የሚሰፋው ጎን ለጎን ተጋጥሞ ነው። በጥንታውያን የብራና መጻሕፍት ገበታ ውስጠኛ ገጽ ላይም ከሩቅ አገር የመጣ ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፎ ይገኛል፤ ሊቃውንት ዛሬ በክብር ያጠኑታል። እናት ለልጇ ከቁራጭ የገጣጠመችውን ግን ድሪቶ ብለን ስድብ አድርገነዋል። ቁራጩ በመጽሐፍ ላይ ሲሆን ቅርስ፣ በድሀ ትከሻ ላይ ሲሆን ነውር የሚሆንበት ምክንያት በጨርቁ ውስጥ አይገኝም። ምክንያቱ ያለው በተመልካቹ ሚዛን ነው። እርግጥ ድሪቶ ሁሉ ውብ ነው ማለት ችጋርን ማሞገስ ይሆናል። ሆኖም የችግሩን መጥፎነት ከእጁ ብልሃት ለይቶ ማየት የሐያሲ ተግባር ነው።

ፌስታል ከመጣ ወዲህ ይህ ብልሃት ከገበያ እየራቀ ሄዷል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ነገር ግን የተረሳን የአስተሳሰር ዘዴ አዋጅ ብቻውን አያስተምርም። የቆቦ መምህራን ተማሪዎቻቸው ከእናቶቻቸውና ከአያቶቻቸው የቋጠሮ ዓይነቶችን ከነስማቸው ጠይቀው እንዲጽፉ ቢያደርጉ፣ ሠዓሊዎቻችንም ቋጠሮውን ሳይፈቱ ቢያጠኑት፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የሠሪዋ ስም ግን በዚህ ጊዜ አብሮ ይመዝገብ።