የሠራተኛው ደመወዝ ሲጮኽ፦ የሊ ባጀት ጥናት ሲገመገም

አሜሪካዊቷ የምጣኔ ሀብት ምሁር ሊ ባጀት በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ የጾታ ዝንባሌ ከደመወዝ ጋር ያለውን ግንኙነት በመመርመር ፈር ቀዳጅ ነው። ከተመሳሳይ ጾታ ጋር ግንኙነት የነበራቸው ወንዶች፣ በትምህርት፣ በሥራ ልምድና በሙያ ከሚመስሏቸው ወንዶች ከ11 እስከ 27 በመቶ ያነሰ ይከፈላቸው እንደነበር ያሳያል። አንባቢው መጋቢ “ይህ እኔን ምን ያገባኛል?” ሊል ይችላል። ደመወዝ የሚከፍሉ ምእመናን ያሉት መጋቢ ሁሉ ግን ያገባዋል።

የጥናቱ ብርታት እነዚህ ሰዎች ባለጠጎች ናቸው የሚለውን የተለመደ ወሬ በመረጃ መፈተኑ ነው። ድክመቱ የናሙናው ማነስ ነው፤ በሴቶች ላይ የታየው ልዩነትም አስተማማኝ አልነበረም። በ2017 እ.ኤ.አ. ካርፔንተርና ኤፒንክ በአዲስ መረጃ ሲመረምሩ፣ እነዚሁ ወንዶች 10 በመቶ ያህል ብልጫ እንደሚያገኙ ደረሱበት። እንግዲህ ሙግቱን በቁጥር ላይ ብቻ የሚያቆም ሰው ቁጥሩ ሲገለበጥ አብሮ ይወድቃል።

ዋናው ጉድለት ከዚህ ይጠልቃል። ጋሪ ቤከር በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ መድልዎን አሠሪው ዋጋ የሚከፍልበት ምርጫ አድርገው ተነተኑት። ይህ ትንታኔ መድልዎ የሚያስከትለውን ኪሳራ ይለካል፤ በደል የሚሆንበትን ምክንያት ግን አይነግረንም። ቅዱሳት መጻሕፍት ይነግሩናል። ዘዳ. 24፥14-15 የድኻው ምንደኛ፣ መጻተኛም ቢሆን፣ ሒሳቡ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ያዕ. 5፥4 ደግሞ የተከለከለው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይናገራል። ሁለቱም ስለ ሠራተኛው ኑሮ ምርመራ አያዙም።

ወደ አገራችን እንምጣ። ከጋይንትና ከስማዳ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ወጣት የሚከፈለው ባጨደው ልክ ነው፤ ልክም ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ያደርጋል። በዚህ ምክንያት በእኛ ዘንድ በወሬ የተጠረጠረ ሠራተኛ ሒሳቡ ቢጎድልበት አቤት ለማለት ይፈራል። ሕጉ ግን ፍርዱን ለፍርድ ቤት እንጂ ለአሠሪ አልሰጠም።

ስለ ጋብቻ የምናስተምረውን ትምህርት እንደያዝን፣ ይህንም በግልጽ እናስተምር፦ ደመወዝ የሥራ ዋጋ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ተግሣጽ መሣሪያ አይደለም። ምእመኑ “ስለ እርሱ የሰማሁት አለ፤ ሒሳቡን ልቀንስበት?” ብሎ ቢጠይቅ፣ የመጋቢው መልስ አንድ ነው፦ ሳይመሽ፣ ሙሉውን ክፈለው።