ድፍረትና ጥብዓት፦ አዲስ ካህን በመጀመሪያ ቅዳሴው

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴን የሚፈጽሙት አገልጋዮች «ልዑካን» ይባላሉ፤ ነጠላው «ልዑክ» ሲሆን ትርጉሙም የተላከ ማለት ነው። ከጳጳስ አንብሮተ እድን ተቀብሎ፣ ማለትም ጳጳሱ እጁን በራሱ ላይ ጭኖ ጸልዮለት ቅስና የተሰጠው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የቅዳሴው መሪ ሆኖ ወደ መቅደስ ሲገባ ልቡን የሚያስጨንቀው ጥያቄ «ይህን እችለዋለሁን?» የሚለው ነው። ስያሜው ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ የተላከ ሰው አስቀድሞ ሊያስታውሰው የሚገባው የራሱን አቅም ሳይሆን የላከውን ነውና። የአዲስ ካህን ጽናት የሚጀምረው ከዚህ ቃል እንደ ሆነ መናገር ማጋነን አይሆንም።

በአማርኛ «ድፍረት» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በጦር ሜዳና በሸንጎ ደፋር ሰው ይመሰገናል፤ በመቅደስ ዙሪያ ግን መድፈር ማለት ያልተፈቀደውን ገፍቶ መግባት፣ የተከበረውን ማቃለል ነው። ቅዳሴው ራሱ ይህን ልዩነት በግልጽ ያስተምራል፤ ፍሬ ቅዳሴ ከሚባለው ዋናው ክፍል በፊት ካህኑ እጁን ታጥቦ ውኃውን ወደ ሕዝቡ እያራገፈ፣ ሳይዘጋጅ በድፍረት ወደ ሥጋውና ወደ ደሙ የሚቀርብ ሰው ቢኖር እርሱ ከዚያ ሰው ዕዳ ንጹሕ መሆኑን ያስጠነቅቃልና። ይህን ማስጠንቀቂያ በመጀመሪያ ቀኑ የሚናገር ካህን ቃሉ ከሕዝቡ አስቀድሞ ራሱን እንደሚነካው ያውቃል። ስለዚህ ለእርሱ የሚያስፈልገው ድፍረት አይደለም፤ ግእዙ «ጥብዓት» የሚለው፣ ሰማዕታት የተመሰገኑበት፣ ፍርሃት እያለም ከቆሙበት አለመናወጥ ነው።

ፍርሃቱን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ታሪክ ግን ይህን ፍርድ አይደግፍም። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራለት ዮሐንስ አፈወርቅ በወጣትነቱ በአንጾኪያ እርሱንና ወዳጁን ባስልዮስን ለጵጵስና በፈለጓቸው ጊዜ ተሸሸገ፤ ወዳጁ ተሾመ፣ እርሱም ስለ ሽሽቱ ምክንያት ሲያስረዳ ስለ ክህነት ክብርና ክብደት ስድስት ክፍል ያለውን መጽሐፍ ጻፈ። ያ የሸሸ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ386 ቅስናን ተቀበለ፣ በ398 ደግሞ የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። መጽሐፉን ያነበበ ካህን ሊዘነጋው የማይገባው ነገር ሸክሙ ይከብዳል ያለው ሰው በኋላ ያንኑ ሸክም መሸከሙን ነው። ከእርሱ እጅግ ቀድሞ ሙሴ አንደበተ ኮልታፋ መሆኑን ጠቅሶ መላኩን ሲያመነታ እግዚአብሔር ወንድሙን አሮንን አጠገቡ አቆመለት፤ ምላስህን እፈታልሃለሁ ግን አላለውም። የተሰጠው ጓደኛ ነው።

የቅዳሴውም ሥርዓት በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ቅዳሴ ቢያንስ በአምስት ልዑካን ይፈጸማል፦ ገባሬ ሠናይ ተብሎም የሚጠራው መሪው ሠራዒ ካህን፣ ሥራውን የሚካፈለው ንፍቅ ካህን እና ሦስት ዲያቆናት። አዲሱ ካህን ሠራዒ በሚሆንበት ቀን በንፍቅነት የሚቆመው ሰው ልምድ ያለው አባት ቢሆን እጅግ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ገና በመግቢያው ላይ አፍ ሲደርቅና የታወቀው ቃል ሲጠፋ፣ ከጎን በዝግታ የምትሰማ አንዲት ቃል ዜማውን ወደ መስመሩ ትመልሰዋለችና። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በዝግጅቱ ክፍል ንፍቁ ካህን «ፍትሐት ዘወልድ» የሚባለውን፣ ማለትም ከኃጢአት እስራት መፈታትን የሚለምነውን ጸሎት ሲያደርስ ሠራዒው ካህን ራሱ ከሚፈቱት መካከል ነው። ሕዝቡን ሊባርክ የተዘጋጀው ሰው አስቀድሞ ሌላው ሲጸልይለት ይሰማል፤ ካህኑ ሰላምን ለሕዝቡ በሚሰጥበት ጊዜም ሕዝቡ ያንኑ ሰላም ለመንፈሱ ይመልስለታል። ብቻውን የሚናገርባቸው ቦታዎች ከውጭ ሲታይ ከሚመስለው በጣም ያንሳሉ።

ሁለተኛው ድጋፍ ትምህርቱ ነው። የቅዳሴ ተማሪ በደብረ ዓባይም ይሁን በሰላልኩላ ስልት የመምህሩን ድምፅ እየተከተለ፣ እየተሳሳተና እየታረመ ዜማውን ሲያጠና ቃሉ ከአእምሮ ወደ ጉሮሮ፣ ከጉሮሮም ወደ እስትንፋስ ይወርዳል። በጭንቀት ቀን አስቦ የሚያስታውሰው ሰው ይደናቀፋል፣ በዜማ የያዘው ግን ዜማው ራሱ ይዞት ይሄዳል። እምነት ልፋትን ይተካል ብሎ የሚያስብ አዲስ አገልጋይ በዚህ ይሳሳታል፤ በመምህር እግር ሥር ያለፉት ዓመታት ራሳቸው እምነት የተገለጠባቸው ዓመታት ናቸው፣ ገና ያልተሰጠውን አገልግሎት ይሰጠኛል ብሎ መዘጋጀት እምነት ነውና።

እጅ የሚንቀጠቀጠው ግን ከዜማው ይልቅ በፍተታው ላይ ነው። ፍተታ ማለት ካህኑ ኅብስቱን የሚቈርስበት ሥርዓት ሲሆን፣ ከጻሕሉ፣ ማለትም ኅብስቱ ከሚቀመጥበት ሳሕን፣ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ እንዳትወድቅ መጠንቀቅ ግዴታው ነው። ልምድ ያላቸው አባቶች በዚህ ጊዜ የሚመክሩት ቀላል ነገር ነው፤ አለመቸኰል። ቀስ ማለት የእጅን መንቀጥቀጥ ያበርዳል፣ ጸሎቱንም ለልብ ያቀርባል፤ ፍርሃቱ አይጠፋም፣ ነገር ግን ወደ ጥንቃቄ ተለውጦ እጅን ያገለግላል። «ፈሪሃ እግዚአብሔር» የሚባለው በሥራ ላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በጻሕል ላይ የተጎነበሰን አዲስ ካህን እጅ ቢያይ ይበቃዋል።

በውጭ አገር ባሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ ልዑካኑ በሳምንቱ ቀናት በሌላ ሥራ ተሰማርተው በሚኖሩበት ቦታ፣ የአገልጋይ ቍጥር ስለሚያንስ አዲሱ ካህን በቂ ጊዜ በንፍቅነት ሳይቆይ ሠራዒ የሚሆንበት አጋጣሚ አለ፤ ይህ የሚያሳስብ ጉዳይ ነው። በዚያም ቢሆን መምህሩን በስልክ እየጠየቀ ዜማውን የሚያስተካክል ካህን እንደ አሮን የሚያግዘውን ሰው አላጣም።

ቅዳሴው ሲፈጸም ንዋያተ ቅድሳቱ ይታጠባሉ፣ ሕዝቡም ጠበል ጠጥቶ ይሰናበታል። ዜማው የተሰበረበት ቦታ ካለ በንፍቅነት የቆመው አረጋዊ ካህን በዚያው ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ በለሆሳስ ይነግረዋል። ከዚያም ተራው ይዞራል፤ በሌላ ሰሞን አረጋዊው ሠራዒ፣ አዲሱም ንፍቅ ሆነው ይገባሉ፣ ፍትሐት ዘወልድንም በዚያ ቀን በአረጋዊው ላይ የሚያደርሰው አዲሱ ካህን ይሆናል።