አዲስ ሽፋን፣ አሮጌ ደብተር

«ኮድ ሳይጽፉ ድረ ገጽዎን የስልክ አፕ ያድርጉ» የሚለው ማስታወቂያ እዚህ ቶሮንቶ ያሉ ነጋዴዎቻችንንና ማኅበሮቻችንን ያጓጓል። በመምህርነቴ ዘመን ግን ደብተሩን አሳምሮ የለበደ ሁሉ ትምህርቱን አያውቅም ነበር። እነዚህ መሣሪያዎችም በአብዛኛው ያንኑ ድረ ገጽ ይጠቀልላሉ፤ ገጹ የዓምናውን የበዓል ጥሪ ከያዘ አፑም ያንኑ ያሳያል። አፕል ከተጠቀለለ ድረ ገጽ የማያልፈውን አፕ ላለመቀበል ደንብ አውጥቷል፤ ለአቅራቢነት ደግሞ በመደበኛው በዓመት 99 የአሜሪካ ዶላር ያስከፍላል።

የታክሲ መጥሪያ አፕ የሚመሰገነው ተሳፋሪው የቆመበትን ለሾፌሩ ስለሚነግር ነው። የዕድራችን አፕም የሐዘን ጥሪን በሰዓቱ የሚያደርስ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ የአባላት መዋጮ ለምን ይባክናል? ምልክቱ ብቻ ከተፈለገ፣ ድረ ገጹን በስልኩ የፊት ገጽ ላይ ማስቀመጥ በነጻ ይቻላል። ውድ አንባቢያን፣ ከመክፈላችን በፊት ገጹን እናድስ።