ንፍሮ ወይስ ዱቄት? የሃይማኖት ንጽጽር ቁልፍ ቃላት በግንቦት ልደታ ሲፈተኑ

«ልደታ! ልደታ!» እያለ የሚጣራ የታክሲ ረዳት ስለ ድንግል ማርያም ልደት እየሰበከ አይደለም፤ ሰው እየጫነ ነው። ቃሉ ግን ያው ቃል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ልደታ የቤተ ክርስቲያን ስም ነው፣ የክፍለ ከተማ ስም ነው፣ የባቡር ጣቢያ ስም ነው። «ነገ ልደታ ቀጠሮ አለኝ» ያላችሁ ሰው ደግሞ ምናልባት የሚያወራው ስለ ፍርድ ቤቱ ነው። ታዲያ «ልደታ» ሃይማኖታዊ ቃል ነው ወይስ ዓለማዊ?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ ግን የዓለም ሃይማኖቶችን እያነጻጸረ የሚያጠናው የትምህርት መስክ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የደከመበት ጥያቄ ነው። ይህ መስክ ቴርሞሜትር የለውም፣ ሚዛን የለውም። መሣሪያዎቹ ቃላት ናቸው፦ እምነት፣ ቅዱስ፣ ሲንክሪቲዝም፣ የዓለም ሃይማኖት። የመግቢያ መጻሕፍቱን ብትገልጡ እነዚህን ቃላት ከነትርጉማቸው ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ።

እኔ ምህንድስና ያጠናሁ ሰው ነኝ። ላብራቶሪ ውስጥ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የት ተሠራ? በምን ተፈተነ?» ብለን ነው። እስቲ ዛሬ እነዚህን ቃላት በአንድ በደንብ በምናውቀው ነገር እንፈትናቸው፤ በግንቦት ልደታ። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ መሣሪያዎቹ የተሠሩት በዋናነት መጽሐፍና ቀኖና ለማንበብ ስለሆነ ሰዎች አብረው የሚያደርጉትን ነገር ሲለኩ ይሳሳታሉ። ስህተታቸውም ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም።

ግንቦት 1 ምን ይደረጋል?

ግንቦት 1 ቀን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የድንግል ማርያምን ልደት ታከብራለች። በትውፊቱ መሠረት እመቤታችን የተወለደችው ወላጆቿ ኢያቄምና ሐና በሊባኖስ ተራራ ሳሉ ነው። ከቤታቸው ርቀው ስለነበር ያገኙትን እህል ቀቅለው በሉ ይባላል። በዓሉ ደጅ የሚከበረውም፣ ንፍሮ የሚቀቀለውም ለዚህ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ አለ። በሰፈር ደግሞ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ቡና ያፈላል፤ አቅም ካለም በግ ይታረዳል። ትልልቅ ሰዎች ይመርቃሉ፤ «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» ይባላል። ስለት ያለበት ያገባል፣ የቸገረው ለከርሞ ይሳላል። አንዳንድ ቦታ ይህ ሁሉ የሚሆነው አድባር በሚባል ትልቅ ዛፍ ሥር ነው፤ ዛፉን ቅቤ የሚቀቡም አሉ። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህንን «ባዕድ አምልኮ ነው» እያሉ ያወግዛሉ። ሙስሊም ጎረቤቶች መዋጮ የሚያዋጡበትና ንፍሮውን አብረው የሚቋደሱበት ሰፈርም አለ።

በሉ፣ መሣሪያዎቹን እናውጣ።

መሣሪያ አንድ፦ «እምነት»

እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው ሥራው ለሃይማኖት አጭር ትርጉም ሰጠ፦ በመንፈሳዊ አካላት ማመን። ቀላልና ንጹህ ትርጉም ነው። ብዙዎቻችን ስለ ሰው ሃይማኖት ስንጠይቅ ሳናውቀው ይህንኑ ነው የምንጠቀመው፤ «በምን ታምናለህ?» እንላለን።

ይህን መሣሪያ ይዛችሁ ዛፉ ሥር ብትሄዱስ? አንዷ እናት «የእመቤቴ ቀን ነው» ትላለች። ሌላዋ «አድባሯ እንዳትቀየመን ነው» ልትል ትችላለች። ጎልማሳው «ኧረ የሰፈር ነገር ነው፣ ካልመጣሁ ምን ይሉኛል» ይላል። በታይለር መለኪያ ከሄድን እዚህ ያለው ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ዓይናችን የሚያየው ግን አንድ ድስት፣ አንድ ምርቃት፣ አንድ «አሜን» ነው።

መሣሪያው የማያየው ሌላም ነገር አለ። በጉ ሲታረድ ሁኔታው ይለወጣል። አገራችን ውስጥ እንደምታውቁት በልማድ ክርስቲያን የሙስሊም ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊምም የክርስቲያን አይበላም። ስለዚህ ንፍሮውና ቡናው የጋራ ነው፤ ሥጋው ላይ ሲደርስ ግን ድንበር አለ። እነዚህ ጎረቤታሞች ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ወይም ስለ ተውሂድ አንድም ቀን ተከራክረው ላያውቁ ይችላሉ። ቢላዋውን ማን እንደያዘው ግን ሁሉም ያውቃል። የሁለቱ ሃይማኖቶች ድንበር እዚህ የሚታየው ከጭንቅላት ይልቅ ሳህን ላይ ነው። «በምን ታምናለህ?» ብቻ ብሎ የጠየቀ ተመራማሪ ድንበሩንም፣ በድንበሩ ላይ የተሠራውን ድልድይም ሳያይ ይመለሳል።

መሣሪያ ሁለት፦ «ቅዱስ» እና «ዓለማዊ»

ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1912 ሌላ መንገድ ያዘ። ለእሱ የሃይማኖት መለያው የተለዩና የተከለከሉ፣ ማለትም ቅዱስ የሆኑ ነገሮች መኖራቸው ነው። በእነሱ ዙሪያ ያለው እምነትና ተግባር ሰዎችን አንድ ማኅበረሰብ ያደርጋቸዋል። ሚርቻ ኤሊያዴ ደግሞ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቅዱሱን ቦታ ከተራው ቦታ የተቆረጠ፣ ሌላ ዓይነት ቦታ አድርጎ አቀረበው።

ለዱርኬም ፍትሐዊ እንሁን፤ ይህ መሣሪያ ከታይለር ይሻላል። መዋጮውን ያያል፣ «ካልመጣሁ ምን ይሉኛል» ያለውን ጎልማሳ ያያል። በዓሉ ሰፈሩን ሰፈር እንደሚያደርገው ዱርኬም ቢጠየቅ አያቅማማም ነበር።

ችግሩ «የተለየ» የሚለው ላይ ነው። የግንቦት ልደታ ጀበና ትናንት ቤት ውስጥ ቡና ያፈላው ጀበና ነው። በልደታ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል፤ የኮንዶሚኒየም ሰዎች በዓሉን ግቢ ውስጥ ሲያከብሩ ትናንት መኪና የቆመበት ቦታ ለጥቂት ሰዓት የምርቃት ቦታ ይሆናል፤ ማታ ተጠርጎ መኪናው ይመለሳል። ቅድስናው እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚኖር ሳይሆን እንደ መብራት በርቶ የሚጠፋ ነው ማለት ነው። ኤሊያዴ «የት ነው?» ብሎ እንድንጠይቅ አስተማረን፤ እዚህ የሚጠቅመው ግን «መቼ ነው? ማን አበራው?» የሚለው ነው። የታክሲው ረዳት «ልደታ!» ሲልና እናት «ልደታ ትርዳን» ስትል ቃሉ አንድ ሆኖ ሥራው የሚለያየውም ለዚህ ነው።

መሣሪያ ሦስት፦ «ሲንክሪቲዝም»

አሁን ብዙ ጉዳት ወደሚያደርሰው መሣሪያ ደረስን። ሲንክሪቲዝም የሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሃይማኖቶች መቀላቀል ማለት ነው። የውጭ ሰው ቅቤ የተቀባውን ዛፍ ሲያይ «ክርስትና ከጥንታዊ አምልኮ ጋር ተቀላቅሎ» ብሎ ይጽፋል፣ ፋይሉን ይዘጋል። እዚህ አገር ደግሞ ያው ሐሳብ በሌላ ልብስ ይመጣል፤ «ንጹሁ ተበረዘ» ይባላል።

አንድ ነገር ተቀላቀለ ለማለት መጀመሪያ ያልተቀላቀለውን ማሳየት ያስፈልጋል። እስቲ እንሞክር። የማርያም ልደት ታሪክ በአራቱ ወንጌላት ውስጥ አይተረክም። የኢያቄምና የሐና ታሪክ የሚገኘው በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የያዕቆብ የልጅነት ወንጌል በሚባለው ጽሑፍ ውስጥ ነው። ቀኑም አንድ አይደለም፤ የእኛና የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 1 ሲያከብሩ፣ ሮማ ካቶሊክ መስከረም 8 (እ.ኤ.አ.) ታከብራለች። በሌላ በኩል የማርያም መወለድ በቁርኣን ሦስተኛ ሱራ ውስጥ ተተርኳል፤ የዒምራን ሚስት በማሕፀኗ ያለውን ለፈጣሪ እንደተሳለች፣ ሴት ልጅ ስትወልድም መርየም ብላ እንደሰየመቻት ይናገራል። አሥራ ዘጠነኛው ሱራ ደግሞ ስሙ ራሱ መርየም ነው።

እንግዲህ ንፍሮውን ሊቋደስ የመጣው ሙስሊም ጎረቤት ስለ ማርያም መወለድ ከራሱ መጽሐፍ የሚያውቀው ታሪክ አለው። ይህ ማለት በዓሉ የእሱም ነው ማለት አይደለም፤ በእስልምና ግንቦት 1 በዓል አይደለም። ግን «ንጹሁ እዚህ ጋ፣ እንግዳው እዚያ ጋ» ብሎ መስመር ማስመር የምናስበውን ያህል ቀላል አለመሆኑን ያሳያል።

የተሻለ ምሳሌ ከበዓሉ ከራሱ እንውሰድ። ስንዴውን፣ ሽምብራውንና ባቄላውን አንድ ላይ ብትፈጩት ዱቄት ይሆናል፤ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ብትቀቅሉት ግን ንፍሮ ነው፤ በአንድ እሳት በስሎ፣ በአንድ ሳህን ቀርቦ፣ ስንዴው ስንዴ ሽምብራውም ሽምብራ ሆኖ ይቀራል። ሲንክሪቲዝም የሚለው ቃል የሚያውቀው ዱቄት ብቻ ነው። የግንቦት ልደታ ሰፈር ግን ንፍሮ ነው፤ የሥጋው ድንበርም ምስክር ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። «ቅቤ መቀባቱስ?» ትሉኛላችሁ። የቤተ ክርስቲያን መምህር ይህ ትክክል አይደለም ሲል ሥራውን እየሠራ ነው፤ የሃይማኖቱን ወሰን የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። ተመራማሪ ግን ዳኛ አይደለም። የእሱ ሥራ ማን፣ መቼ፣ ለምን ወሰን እንደሚያሰምር ማሳየት ነው። ሲንክሪቲዝም የሚለው ቃል ሁለቱን ሥራዎች ስለሚያምታታ የተመራማሪው መግለጫ ሳያስበው ፍርድ ይሆናል።

መሣሪያ አራት፦ «የዓለም ሃይማኖቶች»

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት መሠረት 43.5 በመቶው ሕዝብ ኦርቶዶክስ፣ 33.9 በመቶው ሙስሊም፣ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት፣ 2.6 በመቶው ባህላዊ እምነት ተከታይ፣ 0.7 በመቶው ካቶሊክ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ሳጥን። ለመቁጠር ይህ የግድ ነው፤ ማንም መሐንዲስ የሚያውቀው ነው፣ ቀጣይ ሲግናልን ወደ ቁጥር ለመቀየር መከፋፈል አለባችሁ፣ ስትከፋፍሉም የሆነ መረጃ ይጠፋል። ጥያቄው የጠፋው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ቆጠራው ያቺን ቀን ቀድሳ፣ ማታ አድባር ሥር የተመረቀችውን እናት «ኦርቶዶክስ» ይላታል። ልክ ነው፣ እሷም ራሷን የምትለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ሳጥኖቹ ራሳቸው ተፈጥሮ የሰጠቻቸው ይመስሉታል። ቶሞኮ ማሱዛዋ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ «የዓለም ሃይማኖቶች» የሚለው ዝርዝር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ እንዴት እንደተፈጠረ አሳይታለች። በዝርዝሩ ላይ ለመግባት መጽሐፍና መሥራች ያለው ነገር ይቀለዋል። የሌለው «ባህላዊ» ተብሎ በጅምላ ይታሸጋል።

መዘዙ እዚህ ጋ ነው። የከተማ ፕላን ሲሠራ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ካርታው ላይ የራሳቸው ምልክት አላቸው። ሰፈሩ የተመረቀበት፣ እርቅ የወረደበት ዛፍ ግን ካርታ ላይ ዛፍ ነው፤ ምልክቱም የማንኛውም ዛፍ ምልክት ነው። መንገድ ሲቀየስ ማን ቀድሞ እንደሚነካ መገመት አይከብድም። ዛፉን የቆረጠው ሰው ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ መሣሪያው ስላላሳየው ነው። የእኔ ሙያ ሰዎች ይህን ማወቅ ያለባቸው ለዚህ ይመስለኛል።

ታዲያ እንጣላቸው?

አይ። የሚሳሳት ሚዛን ያለው ሰው ሚዛኑን አይጥለውም፤ ስንት እንደሚሳሳት ያውቅና ያርመዋል። ከተፈተኑት ሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት የኒኒያን ስማርት ዘዴ ነው። ስማርት ሃይማኖትን በአንድ ትርጉም ከመያዝ ይልቅ በሰባት ገጽታዎች እንድናየው ሐሳብ አቀረበ፦ ሥርዓት፣ ትረካ፣ ስሜትና ልምድ፣ ማኅበራዊ አደረጃጀት፣ ሥነ ምግባርና ሕግ፣ ትምህርተ ሃይማኖት፣ ቁሳዊ ነገር። ሰባት ሴንሰር እንደማለት ነው። ቅዳሴው ላይ ሰባቱም ይበራሉ። ሰፈሩ ውስጥ ሥርዓቱ፣ ማኅበራዊው፣ ቁሳዊው ደምቀው ሲበሩ ትምህርተ ሃይማኖቱ ደብዘዝ ይላል። ድክመቱ የቱ ገጽታ ለማን እንደሚከብድ አለመናገሩ ነው፤ እሱን ሄዳችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ሌላው እርማት የራሳችን ቋንቋ ውስጥ አለ። «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ከ«አመነ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ «አሜን»ም፣ የዐረብኛው «ኢማን»ም ከዚያው ሥር ናቸው። በመጀመሪያ እይታ ይህ ታይለርን የሚደግፍ ይመስላል። ግን ከዚያው ሥር «ታመነ»፣ «ታማኝ»፣ «አደራ ቢሰጡት የሚታመን» የሚሉትም ይወጣሉ። ካናዳዊው ዊልፍሬድ ካንትዌል ስሚዝም አንድን ሐሳብ እውነት ነው ብሎ መቀበልና በአንድ ነገር ላይ መታመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሥራዎቹ ተከራክሯል። በአማርኛ ስናስበው ልዩነቱ ይቀለናል፤ ያቺ እናት ስለቷን ይዛ ስትመጣ፣ ጎረቤት መዋጮውን ሲያመጣ፣ ሙስሊሙ ጎረቤት ሥጋው እንደማይቀርብለት ተማምኖ ሲቀመጥ የሚታየው መታመን ነው።

በሚቀጥለው ግንቦት 1 ሰፈራችሁ ውስጥ ጭስ ካያችሁ ቀረብ በሉ። «በምን ታምናላችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ማን አዋጣ? ማን መረቀ? ማን ምን በላ፣ ምንስ አልበላም? ማን መጣ፣ ማንስ «እኔ አልመጣም» አለ? ብላችሁ ተመልከቱ። በደብተራችሁ ላይ የጻፋችሁትን ከመጻሕፍቱ ትርጉሞች ጋር አስተያዩትና የማይገጥመውን አስምሩበት። የማይገጥመውን አትሰርዙት፤ መሣሪያው የሚታረመው በእሱ ነው። ንፍሮ ካቀረቡላችሁም ብሉ።