ጭቃ ሙዚየም ሲገባ



ከከሚሴ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ዘመድ ይጠይቃል፣ ሐኪም ቤት ይመላለሳል፣ መርካቶ ወርዶ ኪታብና ጨርቅ ይሸምታል እንጂ ሙዚየም አይገባም። ሙዚየም ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የነገሥታት ዘውድና የድሮ አጥንት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ አንድ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ላወጋችሁ ስነሣ «ኡስታዙ ደግሞ ምን ነካው?» የሚል እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ነገሩ ግን ከሥዕሉ ይልቅ የግድግዳው ነው፤ የግድግዳው ነገር ደግሞ እስከ መስጊዶቻችን ደጃፍ ይደርሳልና ጥቂት ታገሡኝ።

ሙዚየሙ ዞማ ይባላል፤ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ውስጥ ይገኛል። መሥራቾቹ የሥነ ሰብእ ባለሙያዋና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ እና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 በዚሁ ስም አንድ የሥነ ጥበብ ማዕከል አቋቁመው ሲሠሩ ቆይተው ሙዚየሙን በ2011 ዓ.ል. ለሕዝብ ከፈቱት። ስሙ በወጣትነት ዕድሜ ለተቀጩት ለሠዓሊ ዞማ ሽፈራው መታሰቢያ ነው። ሁለቱ ሰዎች አገር ለአገር እየዞሩ ገበሬው ቤት እንዴት እንደሚሠራ፣ ድንጋይ እንዴት እንደሚካብ፣ ጭቃ እንዴት እንደሚቦካ ከባለሙያዎቹ ተምረዋል። በግቢው ውስጥ ከማሳያ አዳራሹ ሌላ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ የጓሮ አትክልትና ላሞች ሳይቀሩ አሉ። ላም ያለበት ሙዚየም! ለእኛ ለገጠር ሰዎች ይህ ብቻውን ልብ ያረጥባል።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። የዞማ ሕንፃዎች የተሠሩት ከጭቃ ነው። ጭቃ መሳይ ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ ማለቴ አይደለም፤ አባቶቻችን የሚያውቁት፣ ጭድ የገባበት፣ በውኃ ርሶ ቀናት የተብላላ፣ በእግር የተረገጠ ጭቃ ነው። ማብላላቱ ለምን ይጠቅማል ለሚል የከተማ ልጅ ልንገረው። ጭዱ እየበሰበሰ ሲሄድ አፈሩን እንደ ሙጫ ያያይዘዋል፤ ያልበሰበሰው ጭድ ደግሞ ምርጉ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ወጥሮ ይይዘዋል። ሳይቦካ የተመረገ ቤት በመጀመሪያው ክረምት ይረግፋል። ይህን የሚያውቅ ሰው የዞማን ግድግዳ በመዳፉ ዳሰስ ሲያደርግ ሥራው የጥድፊያ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል።

በምርጉ ላይ ደግሞ ገና እርጥብ ሳለ በእጅ የተሠራ ቅርጽ አለ። አንዱ ግድግዳ እንደ ውኃ ሞገድ ይሄዳል፣ ሌላው እንደ ጣት አሻራ እየዞረ ወደ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ከጎን ስትመጣ እያንዳንዱ መስመር የራሱን ጥላ ይጥላል፤ እኩለ ቀን ሲሆን ጥላው ያልቅና ግድግዳው ጸጥ ይላል። አስር አካባቢ እንደገና ይነሣል። የሶላት ሰዓቱን በጥላ ሲቆጥር ላደገ ሰው ግድግዳ እንዲህ ከቀኑ ጋር አብሮ ሲለዋወጥ ማየት ትልቅ ደስታ ነው። ሱብሐነላህ ብዬ ቆሜአለሁ።

ይሁን እንጂ መስገድ እንጂ መገረም ብቻ የማይበቃው ሰው የሚለው ነገር አለው። በአንዳንድ ቦታ ጌጡ በዝቷል። ዐይን የሚያርፍበት ልሙጥ ስፍራ ቢተውለት ኖሮ ያ የሞገድ ቅርጽ ይበልጥ በታየ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) መስጊድ ባሠሩ ጊዜ ግንበኛውን ሰዎችን ከዝናብ ከልልልኝ፣ ነገር ግን በቀይና በቢጫ አስጊጠህ ልባቸውን እንዳታሰናክል ብለው ማስጠንቀቃቸው ተዘግቧል። ሙዚየም መስጊድ አይደለም፤ ሰውም የሚገባው ሊያይ ነው። ሆኖም ምክሩ ለማንኛውም ግንበኛ ይሠራል እላለሁ።

ስለ ተሰቀሉት ሥራዎች በአጭሩ። ኤልያስ ስሜ የሚታወቀው ከተጣሉ የኮምፒውተርና የስልክ ሆድ ዕቃዎች፣ ከሽቦና ከቁልፍ በሚሠራቸው ሥራዎች ነው። የመርካቶ ምናለሽ ተራን ዕቃ ሰብስቦ፣ ሽቦውን እንደ ክር ጎንጉኖ፣ ከሩቅ ሲታይ ከተራራ ላይ ቁልቁል የሚታይ ማሳ ያስመስለዋል። «ሥዕል ስለሆነ ሐራም አይደለም ወይ?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ በእነዚህ ሥራዎች ላይ የሰውም የእንስሳም ምስል አላየሁም፤ የነፍስ ያለው ምስል ብይን ደግሞ ዑለማዎች በሰፊው የተነጋገሩበት ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። የምለው ቢኖር ሥራዎቹ የሚደነቁ ሆነው ሳለ ግድግዳው በልጧቸዋል። የተሰቀለውን ልታዩ ሄዳችሁ የተሰቀለበትን አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ይህን ጭቃ በአዲስ አበባ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያየዋል፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳም ፎቶ ያነሣዋል። በእኛ በኩል ግን ጭቃ የድህነት ስም ሆኗል። የወሎ እናት ጎታ ስትሠራ፣ ጭቃውን በመዳፏ እያሻሸች፣ በከንፈሩ ዙሪያ በጣቷ መስመር እያወጣች ነበር። መደቡን በእበት ለስና ታበራው ነበር። ማንም ሥነ ጥበብ ነው ያላት የለም። ዛሬ ጎታው በበርሜልና በማዳበሪያ ከረጢት ተተክቷል፤ የሴት ልጇም እጅ ያንን ሙያ አያውቀውም።

ከሚሴ ቆላ መሆኗን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከቦርከና ሜዳ የሚነሣው ሙቀት በብሎኬት ግድግዳና በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሲታፈን ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ከዙሑር በኋላ ልጆች ሰብስቦ ያስቀራ ሰው ነው። ደረሳው ላቡን ይጠርግ ወይስ ሉሑን ይያዝ? ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮው ጮኾ የኡስታዙን ድምፅ ይውጠዋል፤ ትምህርቱ በምልክት ይሆናል። ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሐሩር ውስጥ ሳያስገባ ይውላል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በሁለቱ ቤቶች ውስጥ አንድ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል።

ደግሞስ ምስክር ፍለጋ መካኒሳ ድረስ ለምን እንሄዳለን? በዞናችን፣ በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ ሾንኬ አለች። የአርጎባ ወገኖቻችን በተራራ ጫፍ ላይ ድንጋይ በጭቃ እየገነቡ፣ ጣራውን በእንጨትና በአፈር እየደለደሉ፣ ቤት ከቤት እያያያዙ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረውባታል። ከዚያች መንደር ጋር ስማቸው የሚጠራው ሸኽ ጀውሐር ኢብን ሐይደር በወሎ ከታወቁት ዑለማዎች አንዱ ናቸው። ዒልሙ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ነው የተቀራው፤ ሲሚንቶ አልነበረም።

እዚህ ላይ ዐዋቂ አንባቢ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊያቀርብብኝ ይችላል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ግድግዳው ከጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው ከተምር ግንድ፣ ጣራው ከተምር ዝንጣፊ ነበር። በአንድ የረመዷን ሌሊት ዝናብ ጥሎ ጣራው አፍስሶ፣ በማግስቱ ግንባራቸው ላይ የጭቃ ምልክት እንደታየ ሶሓቦች አስተላልፈዋል። ታዲያ ዑስማን (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ዘመን፣ በ29ኛው ዓመተ ሂጅራ አካባቢ፣ ያንኑ መስጊድ በተጠረበ ድንጋይና በኖራ፣ ጣራውን ከህንድ በመጣ እንጨት አድርገው አልሠሩትምን? አዎ፣ ሠርተውታል። እንግዲህ ጭቃን የሃይማኖት ግዴታ ማድረግ አይቻልም፤ እኔም አላደርገውም። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ዑስማን ያስፋፉት ሕዝቡ በዝቶ ስለጠበበ ነው። ደግሞም በዘመናቸው ከሚገኘው ሁሉ የተሻለውን፣ ቶሎ የማይፈርሰውን መረጡ። በጭቃው ስላፈሩ አልነበረም። የእኛ ብሎኬት በቆላ ሙቀት ከጭቃው የተሻለ ነውን? ጥያቄው ይህ ነው፤ «ዘመናዊ ነው» የሚለው ቃል መልስ አይሆንም።

በማሊ አገር፣ በጄኔ ከተማ፣ በዓለም የታወቀ ትልቅ መስጊድ አለ። የአሁኑ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1907 እንደገና የተሠራ ሲሆን ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነው። የከተማው ሰው በዓመት በዓመቱ ተሰብስቦ ይመርገዋል፤ ወጣቱ ጭቃውን ይሸከማል፣ ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ ግንበኞቹ ይመራሉ። መስጊዱ የቆመው በዚህ የወል ሥራ ነው። በግብፅ ደግሞ ሐሰን ፈትሒ የተባለው ስመ ጥር መሐንዲስ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሉክሶር አጠገብ አዲሱ ጉርና የሚባል መንደር ከመስጊዱ ጭምር በጭቃ ጡብ ሠራ። የኑቢያ ግንበኞችን አምጥቶ ያለ እንጨት ጣራ የሚደፉበትን ጥበብ ተጠቀመበት። ሥራው በዓለም ተደነቀ፤ መንደሩ የተሠራላቸው ሰዎች ግን ከቀድሞ ቦታቸው ለመነሣት አሻፈረኝ አሉ። ውበቱን የተረዳው ሩቅ ያለው ሰው ሆነ።

ዞማንም የምተቸው በዚህ በኩል ነው። ጭቃውን አክብሯል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ያከበረው በአጥር ውስጥ፣ ጊዜና ጠባቂ ባለበት ቦታ ነው። ጭቃ ሥጋ እንዳለው ነገር ነው፤ በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። ታዛው ካልረዘመ ዝናብ ይልሰዋል፣ መሠረቱ ድንጋይ ካልሆነ ምስጥ ይወጣበታል፣ ካልተመረገ ይሟሽሻል። ገበሬው ወደ ብሎኬት የሄደው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ጭዱ ለከብት ተፈልጎበት፣ ልጁ ወደ ዐረብ አገር ሄዶበት፣ የሚመርግለት እጅ አጥቶ ነው። ሙዚየሙ የጭቃን ውበት ያሳያል፤ የእጅን እጦት ግን አይፈታም፤ አልተቋቋመበትምና አልፈርድበትም። ያ ሥራ የጀማዓ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በዞናችን ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የገጠር መስጊድ አለ። ግንቡ ድንጋይ በጭቃ ነው፣ ውፍረቱ ክንድ ያልፋል። ምሰሶዎቹ የወይራ ናቸው። በግድግዳው ውስጥ ደረሶች ሉሕና ኪታብ የሚያኖሩባቸው መስኮት መሳይ ጎድጓዳ ቦታዎች ተትተዋል፤ የስንት ሰው እጅ አለስልሷቸዋል። ኮሚቴው ይህን አፍርሶ በብሎኬት፣ በመስተዋትና በሸክላ ንጣፍ ሊሠራ ወስኗል። ገንዘቡን ከነጋዴዎችና በዐረብ አገር በሰው ቤት ከሚለፉ ሴት ልጆች ሰብስቧል። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ መስጊዱ ጁሙዓ ዕለት አይበቃም፣ ለሴቶች ቦታ የለውም፣ ውዱእ ማድረጊያውም የወደቀ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ል. አካባቢያችን ካየው ግጭትና ጦርነት በኋላ ሰው አዲስ ነገር ማየት መናፈቁም አይፈረድበትም። እኔ ያልኩት፣ አዲሱ አጠገቡ ይሠራ፣ አሮጌው ለሒፍዝ ይቅር፤ ቦታውም ይበቃል። የተሰጠኝ መልስ የማዶው መንደር መስጊድ ሁለት ሚናራ አለው የሚል ነበር።

ወጣቶቹን ወደ ዞማ ወስዶ ማሳየት ያስፈልጋል ብዬ ሐሳብ አቅርቤ የመኪና ኪራዩ ከየት ይመጣል ተባልኩ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዚያ ይልቅ ሾንኬ ትቀርባለች፣ በእግርም ይደረሳል። የማፍረሱ ጉዳይ ለጊዜው እስከ መኸር ተላልፏል፤ በዚያ ጊዜ አዲስ ጭድ ስለሚኖር የምሥራቁን ግድግዳ መርገን እናሳይ የምንል ሰዎች አለን። በቀበሌው የምርግ ጭቃ ማቡካት በደንብ የሚያውቁት ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ዐይናቸው ደክሟል፤ ጭቃው መድረሱን ግን በጣታቸው ዳሰው ይናገራሉ።