ሸራው ሲያልቅ ካሊፐሩን ማየት

የሞተር ሳይክል የዲስክ ፍሬን ሸራ ለውጥ ላይ ላዩን ሲታይ ሁለት ቡሎን ፈትቶ፣ አሮጌውን አውጥቶ፣ አዲሱን ከትቶ መልሶ ማሰር ነው። ዋናው ሥራ ያለው ግን ሸራውን በሚገፋው ካሊፐር ላይ ነው፤ ካሊፐሩ ሳይጸዳ የገባ አዲስ ሸራ አሮጌው ባለቀበት መንገድ ያልቃል።

የወጡት ሁለት ሸራዎች ከመጣላቸው በፊት ጎን ለጎን ይታያሉ። በአነስተኛ ሞተሮች ላይ የተለመደው ተንሸራታች ካሊፐር ፒስተን ያለው በአንድ ወገኑ ብቻ ነው። ፒስተኑ የራሱን ሸራ ዲስኩ ላይ ሲጫን፣ የካሊፐሩ አካል በፒኖቹ ላይ ተንሸራቶ የማዶውን ሸራ ስቦ ያመጣል። ስለዚህ ሁለቱ ተቀራራቢ ውፍረት ሊኖራቸው ይገባል። የፒስተኑ ወገን አልቆ የማዶው ወፍራም ከሆነ ፒኖቹ ደርቀዋል። ሸራው በአንድ ጫፉ ብቻ ተበልቶ ቢገኝም መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱው ናቸው። ብዙዎቹ ሸራዎች ማለቃቸውን የሚያሳይ ቦይ አላቸው፤ ቦዩ ጠፍቶ መንዳት ከቀጠለ የሸራው ብረት ዲስኩን ይቦረቡራል፣ ዲስክ ደግሞ ከሸራ እጅግ ይወደዳል።

ብዙ እጅ የሚሳሳተው ፒስተኑ ጋ ነው። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የወጣው ክፍል የሸራ ብናኝና ጭቃ ይለብሳል። አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑ መገፋት አለበት፣ ሳይጸዳ ከተገፋ ግን ቆሻሻው ፒስተኑን የከበበው ጎሚኒ ሥር ይገባል። ሸራዎቹ ወጥተው ሳለ የፍሬኑ እጀታ በቀስታ ሲጨበጥ ፒስተኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ ጨርሶ እንዳይወጣ እየተጠበቀ በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ዙሪያውን ይታጠባል። ቤንዚንና ናፍታ እዚህ ቦታ የላቸውም፤ ጎሚኒውን ያሳብጣሉ። ዝገት የቦረቦረው ፒስተን ይቀየራል እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አይታሽም።

ፒስተኑን የሚመልሰው ሞላ አይደለም። በካሊፐሩ ውስጥ ቦይ ላይ የተቀመጠው ባለ አራት ማዕዘን ጎሚኒ ፍሬን ሲያዝ ከፒስተኑ ጋር ይታጠፋል፤ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን በጥቂቱ ይስበዋል። ጎሚኒው ከደረቀ፣ ወይም ቦዩ ውስጥ የተጠራቀመ ዝገት ካጨናነቀው፣ ፒስተኑ አይመለስም፤ ጎማው ፍሬን እንደያዘ ይዞራል፣ ዲስኩም ይግላል።

ፒስተኑ ከመገፋቱ በፊት ከማጠራቀሚያው ጥቂት የፍሬን ዘይት መቀነስ ይበጃል። ሸራው ሲያልቅ ዘይት የተጨመረበት ከሆነ ሞልቶ ይፈሳል፣ የፈሰሰው ቀለም ይበላል፤ ወዲያው በውኃ ይታጠባል። ዶት 4 ዘይት እርጥበት ይስባል፦ አዲሱ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፣ እርጥበት ለጠጣው ዘይት የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ግን 155 ነው። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ልዩነቱ እጀታው ላይ ይታወቃል። በየሁለት ዓመቱ መቀየሩ ከብዙ አምራቾች ምክር ጋር ይስማማል።

ፒኖቹ ከአሮጌው ግራሶ ተጠርገው ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ይቀባሉ፤ ተራው ግራሶ የአቧራ መከላከያውን ጎሚኒ ያበላሻል። ካሊፐሩ በዘይት ቱቦው አይንጠለጠልም። ሸራውን የሚደግፈው ቀጭን ብረት በቦታው መግባቱ ይረጋገጣል፤ ግራሶ የነካው እጅ የሸራውንና የዲስኩን ገጽ አይነካም።

ከታሰረ በኋላ ሞተሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት እጀታው እስኪጠነክር ደጋግሞ ይጨበጣል፤ ይህ ከተረሳ የመጀመሪያው ጭብጥ ባዶ ነው። አዲሱ ሸራ ዲስኩን እስኪላመድ በመጠነኛ ፍጥነት ደጋግሞ እየያዙ፣ በመሃል እያቀዘቀዙ መንዳት ይሻላል። ከዚያ የፊት ጎማው ተነሥቶ በእጅ ይሽከረከራል። ቀላል የመፋተግ ድምፅ አያሳስብም፤ ጎማው ግን ወዲያው ከቆመ ካሊፐሩ እንደገና ይፈታል።